የማያለቅሰው ሕፃን

በአንድ ቤት ልጅ ሲወለድ የቤቱ ወግ ሁሉ ይለወጣል። እልልታው ካበቃ በኋላ ገንፎው ይገነፋል፤ ቅቤው ይነጠራል፤ ጎረቤቱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል። እንግዶቹ ሕፃኑን ተመልክተው ከሚናገሩት ምርቃትና ምስጋና መካከልም አንዱ ሁልጊዜ አይታጣም፤ ይኸውም «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው፤ ልቅሶ እንኳ አያውቅም» የሚለው ነው። አራሲቱ ይህን ስትሰማ ደስ ይላታል። ከወለደች ጀምሮ የረባ እንቅልፍ አላየችምና የልጅዋን ዝም ብሎ መተኛት እንደ በረከት ትቆጥረዋለች።

ብዙ ጊዜ በእርግጥም በረከት ነው። ጤነኛ ሕፃን ከቀኑም ከሌሊቱም አብዛኛውን ሰዓት በእንቅልፍ ያሳልፋል፤ ሲርበው ይነቃል፤ ጠብቶ ይተኛል። ነገር ግን ለመጥባት እንኳ የማይነቃ ሕፃን አለ። ይህኛው ዝምታ የጨዋነት ሳይሆን የሕመም ምልክት ነው። በነቀምቴና በወለጋ ከተሞች፣ እንዲሁም በአገራችን በሌሎች ክፍሎች፣ አዲስ ወላጆች ከሁሉ አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባ ነገር ቢኖር የእነዚህ የሁለቱ ዝምታዎች ልዩነት ነው።

ከዚህ በፊት ግን ሌላ ዝምታ አለ። እሱም ሕፃኑ ከእናቱ ማኅፀን በወጣበት በዚያው ቅጽበት የሚያጋጥም ነው። ሕፃኑ ተወልዶ ካላለቀሰና ካልተነፈሰ አዋላጅዋ ያላት ጊዜ አንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። በዚያች ደቂቃ ውስጥ ሕፃኑን በደረቅ ጨርቅ አድርቃ፣ ጀርባውን አሽታ፣ እምቢ ካለም በአፍና በአፍንጫው ላይ በሚደፋ መሣሪያ አየር ልትሰጠው ይገባታል። ይህ ሙያ ደግሞ በየቀኑ ካልተሠራበት ከእጅ ይጠፋል። በገጠር ጤና ጣቢያ የምትሠራ አዋላጅ እንደዚህ ያለ ሕፃን የሚያጋጥማት አልፎ አልፎ ነውና።

በዚህ ጉዳይ ላይ ምዕራብ ወለጋ ለዓለም ያበረከተችው ትምህርት አለ። ማተርኒቲ ፋውንዴሽን የተባለው የዴንማርክ ድርጅትና ተባባሪዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አዋላጆችን በሥዕልና በተንቀሳቃሽ ምስል የሚያስተምር «ሴፍ ዴሊቨሪ አፕ» የሚባል የስልክ መተግበሪያ አዘጋጅተው በግምቢ አካባቢ በሚገኙ 73 የጤና ተቋማት ሞከሩት። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታተመ። መተግበሪያውን የተቀበሉት ባለሙያዎች መተንፈስ ያቃተውን ሕፃን በመርዳት ረገድ ካልተቀበሉት ይልቅ በእውቀትም በእጅ ሙያም በግልጽ በልጠው ተገኙ። በሕፃናቱ ሞት በኩል የታየው ልዩነት ግን እርግጠኛ መደምደሚያ ላይ የሚያደርስ አልነበረም። ሙያው መሻሻሉ ራሱ ግን ትልቅ ነገር ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ዝምታ የባለሙያዋ ኃላፊነት ነው። ሁለተኛው ዝምታ የሚመጣው ግን ሕፃኑ እቤቱ ከገባ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ አዋላጅ የለችም፤ የሚያየው እናቱ፣ አባቱና አያቱ ናቸው።

ትልቅ ሰው ሲታመም ያቃስታል፤ የዓመት ልጅ ሆዱን ሲያመው ይጮኻል። ከተወለደ ሰባት ቀን ያልሞላው ሕፃን ግን ሕመም ሲጠናበት ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ነገር ቢኖር መተው ነው። ጡቱን ይተዋል፤ እጅና እግሩን ማንቀሳቀስ ይተዋል፤ በመጨረሻም ልቅሶውን ይተዋል። ተሐዋስያን በደሙ ውስጥ ገብተው ሳለ ሰውነቱ በመጋል ፈንታ አንዳንድ ጊዜ ይቀዘቅዛል። ጉልበቱ ጥቂት፣ ስንቁም ትንሽ ስለሆነ መጀመሪያ የሚቆጥበው እንቅስቃሴውን ነው። ያላለቀሰ ልጅ ጡት አይሰጠውም ይባላል፤ ለአራስ ሕፃን ግን አባባሉ ተገልብጦ መሠራት አለበት። ያላለቀሰው ነው ተቀስቅሶ ጡት ሊሰጠው የሚገባው።

ቁጥሩን ስንመለከት ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ እንረዳለን። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ከተወለዱ በ28 ቀን ውስጥ ከሚሞቱት ሕፃናት መካከል ሲሦ ያህሉ የሚሞቱት በተወለዱበት ቀን ነው፤ ከአራቱ እጅ ሦስቱ ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ያልፋሉ። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 49ኙ አንድ ወር ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2016 ቁጥሩ ወደ 29 ወረደ። በ2019 የተደረገው አነስተኛ ጥናት ግን 33 መሆኑን ስላሳየ የመቀነሱ ጉዞ መቆሙን አስገነዘበ። የሚያሳስበው ሌላው ነገር ይህ ነው፦ በ2016ቱ ጥናት መሠረት በተወለዱ በሁለት ቀን ውስጥ በጤና ባለሙያ የታዩት ሕፃናት ከመቶው 13 ብቻ ነበሩ። የቀሩትን የጠበቃቸው የወላጆቻቸው ዓይን ብቻ ነበር ማለት ነው።

ይህ ዓይን ምን ማየት እንዳለበት ለማስረዳት አንድ ምሳሌ እናቅርብ። ከነቀምቴ ከተማ ወጣ ብሎ በጉቶ ጊዳ ወረዳ የሚኖሩ፣ የመጀመሪያ ልጃቸውን ያገኙ ወጣት ባልና ሚስት ናቸው እንበል። ሕፃኑ በጤና ጣቢያ በሰላም ተወልዶ በማግስቱ እቤቱ ገባ። በሦስተኛው ቀን ፊቱ ቢጫ መሰለ። አያቲቱ «የጠዋት ፀሐይ ይምታው፤ ይለቀዋል» አሉ። በአራተኛው ቀን ቢጫው ወደ ሆዱ፣ ከዚያም ወደ እግሩ ወረደ። ሕፃኑም እንቅልፍ አበዛ። እናትየው ጡትዋን ስታቀርብለት ሁለት ጊዜ ስቦ ይተወዋል። አባትየው በር ላይ ቆሞ ወደ ውጭ ይመለከታል፤ ክረምት ነው፤ ይዘንባል፤ እየመሸም ነው። አራስ ደግሞ በዝናብ አትወጣም። ምን ያድርጉ?

አያቲቱ የተናገሩት ከእውነት የራቀ አልነበረም። ከሚወለዱ ሕፃናት መካከል ከመቶው 60 ያህሉ፣ ያለ ጊዜያቸው ከሚወለዱት ደግሞ 80 ያህሉ በመጀመሪያው ሳምንት ቢጫ ይሆናሉ። ምክንያቱም ይህ ነው፦ አሮጌው ቀይ ደም ሲፈርስ ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ይወጣል፤ ጉበት እያጣራ ከሰውነት ያስወግደዋል። የአራስ ሕፃን ጉበት ግን ገና ሥራውን አልለመደም። ስለዚህ ቢጫው ለጥቂት ቀናት ይከማችና በአብዛኞቹ ዘንድ በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ራሱ ይጠፋል። የእናትና የልጅ የደም ዓይነት ሳይስማማ ሲቀር፣ ሕፃኑ ጡት በደንብ ሳይጠባ ሲቀር፣ ወይም ሌላ ሕመም ሲደረብበት ግን ክምችቱ ከልክ ያልፋል። ከልክ ሲያልፍም ወደ አንጎል ይገባል። ሕፃኑ ከሞት ቢተርፍ እንኳ መስማት የተሳነው ወይም እጅና እግሩ የማይታዘዝለት ሊሆን ይችላል። የሚያሳዝነው በጊዜ ከተደረሰበት መድኃኒቱ ብርሃን ብቻ መሆኑ ነው።

የብርሃኑ ታሪክ ራሱ ሊወሳ የሚገባው ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 በእንግሊዝ አገር በሮችፎርድ ሆስፒታል ሲስተር ጂን ዋርድ የምትባል አስታማሚ ነበረች። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱትን ሕፃናት ፀሐይ ሲወጣ ወደ ግቢው እያወጣች ታናፍሳቸው ነበር። አንድ ቀን ሐኪሞቹ በመጡ ጊዜ የአንዱን ሕፃን ገላ ገልጣ አሳየቻቸው፤ ፀሐይ ያገኘው ክፍል ቢጫው ለቅቆት፣ በጨርቅ ተሸፍኖ የነበረው ክፍል ግን ቢጫ እንደሆነ ነበር። ዶክተር ሪቻርድ ክሬመርና ባልደረቦቹም ከዚህ ተነሥተው በ1958 ሰማያዊ ብርሃን በሚሰጥ መብራት ሕፃናትን ማከም እንደሚቻል ለዓለም አስታወቁ። ዛሬ በነቀምቴም ሆነ በሌላ ስፍራ በሚገኙ ትላልቅ ሆስፒታሎች ሕፃናቱ ዓይናቸው ተሸፍኖ የሚተኙበት ሰማያዊ መብራት የዚያች አስታማሚ ማስተዋል ፍሬ ነው።

«ታዲያ ፀሐዩ ራሱ መድኃኒት ከሆነ ሆስፒታል መሄድ ለምን አስፈለገ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። መልሱ አጭር ነው። የጠዋት ፀሐይ በመጠን አይለካም፤ ደመና ይጋርደዋል፤ ሕፃኑን ራቁቱን ረዘም ላለ ጊዜ ማቆየት ደግሞ በብርድ ወይም በቃጠሎ ይጎዳዋል። መብራቱ ግን ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ይሠራል፤ የቢጫውም መጠን በደም ምርመራ እየታየ ይወሰናል። ከሁሉ በላይ ፀሐይ የምናሞቅባቸው ሁለትና ሦስት ቀናት ለሕፃኑ አንጎል የመጨረሻዎቹ ቀናት ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ቢጫው በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ከታየ፣ ወይም መዳፉና ውስጥ እግሩ ቢጫ ከሆነ፣ ወይም ሕፃኑ ለመጥባት ከሰነፈ ለፀሐይ ቀጠሮ መስጠት አይገባም። የገላው መልክ ለማየት የሚያስቸግር ከሆነም በቀን ብርሃን ግንባሩን በጣት ጫን አድርጎ መልቀቅና የዓይኑን ነጭ መመልከት ይረዳል።

በዚህ ረገድ የወለጋ ባህል ራሱ ለወላጆች አንድ መልካም አጋጣሚ ይሰጣቸዋል። በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ልጅ በተወለደ በአምስተኛው ቀን «ሸነን» የሚባል ሥርዓት አለ። ሴቶች ተሰብስበው ገንፎ ይበላሉ፤ አራሲቱንም ይመርቃሉ። እንደ አጋጣሚ ሆኖ የሕፃን ቢጫነት ብዙውን ጊዜ የሚበረታው ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ነው። በዚያ ቀን ከተሰበሰቡት መካከል ስንት ልጅ ወልደው ያሳደጉ፣ ዓይናቸው የሠለጠነ እናቶች አሉ። ከምርቃቱ ጋር የሕፃኑን መዳፍና ውስጥ እግር ቢመለከቱ፣ «በቀንና በሌሊት ስንት ጊዜ ጠባ? ስንት ጊዜ ሸና?» ብለው ቢጠይቁ ሥርዓቱ ክብሩ ሳይጓደል ሌላ ጥቅም ይጨመርበታል። በደንብ የሚጠባ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል፤ ከአምስተኛው ቀን በኋላም በቀን ስድስት ጊዜ ያህል ጨርቁን ያረጥባል። ከዚህ እጅግ ካነሰ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ምልክቱ ቀደም ብሎ ከታየ ግን ሸነንን መጠበቅ አያስፈልግም።

«ኡልማ» የሚባለው የአራስነት ጊዜም እንዲሁ መልካም ሥርዓት ነው። እናት ታርፋለች፤ ትመገባለች፤ ሕፃኑም ከብዙ ሰው ንክኪ ይጠበቃል። ነገር ግን ኡልማ እናትንና ልጅን ለመጠበቅ የቆመ እንጂ የታመመን ሕፃን ከሐኪም ለመከልከል የተደነገገ አይደለም። ሥርዓቱን ያወጡት አባቶችና እናቶች የፈለጉት የልጁን በሕይወት መቆየት ነው፤ ልጁን ለማዳን የሚወጣ ሰው ሥርዓቱን ፈጸመ እንጂ አላፈረሰም።

ከቢጫነት ቀጥሎ የሚመጣው ጠላት ብርድ ነው። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ክረምቷም ዝናበኛ የሆነ ከተማ ናት። ክብደቱ ከ2,500 ግራም በታች ሆኖ የተወለደ ሕፃን ገላው ስብ ስለሌለው ሙቀቱን ቶሎ ያጣል፤ የበረደው ሕፃን ደግሞ መጥባት ይሳነዋል፤ ያልጠባውም ይበልጥ ይበርደዋል። በዚህም ምክንያት ሐኪሞች ሕፃኑ ከተወለደ 24 ሰዓት ሳይሞላው እንዳይታጠብ ይመክራሉ።

ለትንንሾቹ ሕፃናት የተገኘው ትልቁ ዘዴ ግን መሣሪያ እንኳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ዶክተር ኤድጋር ሬይ የሕፃናት ማሞቂያ ሣጥን ቢያጥርባቸው ሕፃናቱን በእናቶቻቸው ደረት ላይ ገላ ለገላ ማሳቀፍ ጀመሩ። ካንጋሮ የተባለው የአውስትራሊያ እንስሳ ግልገሉን በከረጢቱ እንደሚይዝ ዓይነት ስለሆነ ዘዴው የካንጋሮ እንክብካቤ ተባለ። በአገራችንም ዶክተር ቦጋለ ወርቁና የሥራ ባልደረባቸው በአዲስ አበባ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በተለመደው ዘዴ ከታከሙት ትንንሽ ሕፃናት ከመቶው 38 ሲሞቱ፣ ቀደም ብለው በእናታቸው ደረት ላይ ከተደረጉት የሞቱት 22.5 እንደሆኑ አሳይተዋል። የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ይህ እንክብካቤ ከተወለዱበት ሰዓት ጀምሮ እንዲሰጥ አስታወቀ።

በዚህ ዘዴ አባትም ሊሳተፍ ይችላል። እናት ስትደክም ወይም ስትታጠብ ሕፃኑን ሸሚዙን ከፍቶ በደረቱ ላይ ቢያደርገው ሙቀቱ አንድ ነው። ከሁሉም በላይ ዘዴው ለመንገድ ይጠቅማል። ከላይ በምሳሌ ያነሣናቸው ባልና ሚስት በዝናቡ ውስጥ መውጣት የሚችሉት በዚሁ መንገድ ነው። ሕፃኑ ኮፍያና ካልሲ ለብሶ በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ ይታቀፋል፤ ከላይ ጋቢ ይደረባል፤ በመንገድም እየተቀሰቀሰ ጡት ይሰጠዋል። ለብቻው በጨርቅ ተጠቅልሎ ከሚሄደው ይልቅ እንዲህ የሄደው ሳይበርደው ይደርሳል።

ስለ እትብትና ስለ መጀመሪያው ምግብም አንድ ቃል እንጨምር። የሕፃን እትብት በንጹሕ ምላጭ ከተቆረጠ በኋላ ቅቤም፣ አመድም፣ ሌላም ነገር አይቀባም፤ የጤና ባለሙያ ክሎረሄክሲዲን የሚባለውን ቅባት ካዘዘ እሱ ብቻ ይበቃል። ዙሪያው ከቀላ ወይም መግል ካወጣ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ሕፃኑ እንደተወለደ የሚሰጠው ቅቤና የስኳር ውኃም እንደ መልካም ነገር ተቆጥሮ ቢቆይም የእናቱን ጡት ያዘገይበታል፤ ተሐዋስያንንም ያስገባበታል። ወፍራሙና ቢጫ ቀለም ያለው እንገር ተጨልፎ የሚደፋ ቆሻሻ ሳይሆን የመጀመሪያው ክትባት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊጠባው ይገባል። እንጥል መቁረጥና የወተት ጥርስ መንቀልም ደም ከማፍሰስና ሕመም ከመጨመር በስተቀር የሚያመጡት ፈውስ የለም። ምክር ፍሬ እንደሚያፈራ ማስረጃ የሚሆነን ደግሞ መንጋጋ ቆልፍ ነው። ይህ በቆሸሸ እትብት ሕፃናትን ይፈጅ የነበረ በሽታ እናቶች በመከተባቸውና ወሊድ ንጹሕ በመሆኑ፣ የጤና ሥጋት ከመሆን በታች መውረዱ እ.ኤ.አ. በ2017 ለኢትዮጵያ ተረጋግጦላታል።

ወላጆች ምልክቱን ካወቁ ወዴት ይሂዱ? ወለጋ የሕክምና ታሪክ ያላት አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ1919 አሜሪካዊው ሐኪም ዶክተር ቶማስ ላምቢ ወደ ሰዮ፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ደምቢ ዶሎ፣ መጥተው ሥራ ጀምረው ነበር። ከዚያ በኋላም የግምቢ አድቬንቲስት ሆስፒታልና የአይራ ሆስፒታል ለብዙ ዘመን አገልግለዋል። በነቀምቴ የነቀምቴ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል አላቸው። በየቀበሌው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ያሠለጠናቸው ሴቶች አሉ። ከ2013 ጀምሮም ወደ ሆስፒታል መሄድ ለማይችል የታመመ ጨቅላ ሕፃን በጤና ኬላ ለሰባት ቀን ጄንታማይሲን በመርፌና አሞክሲሲሊን በአፍ እንዲሰጡት ተፈቅዷል።

ይሁን እንጂ ከነቀምቴ እስከ ደምቢ ዶሎ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው፤ የገጠሩም ሰው ከዋናው መንገድ ለመድረስ በእግሩ የሚሄደው ብዙ ነው። በዚህ ላይ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በወለጋ ዞኖች በደረሰው ግጭት መንገዶች የተዘጉበት፣ ጤና ኬላዎችና ጤና ጣቢያዎች የተዘረፉበትና የተጎዱበት፣ አምቡላንስም መንቀሳቀስ ያልቻለበት ጊዜ ነበር። በእንደዚህ ያለ ጊዜ ሸክሙ ሁሉ በወላጆች ላይ ይወድቃል። መንገዱ ረጅም በሆነ ቁጥር ቀድሞ መነሣት ያስፈልጋል፤ ለከተማ ሰው አንድ ሰዓት መዘግየት ማለት የሆነው ለገጠሩ ሰው አንድ ሌሊት ነውና።

ስለዚህ የአባት ሥራ ልጁ ከመወለዱ በፊት ይጀምራል። ለመጓጓዣ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ለብቻ ማስቀመጥ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋንና መኪና ያለውን ጎረቤት የስልክ ቁጥር መያዝ፣ የእናቲቱን የደም ዓይነት ማወቅ፣ ቤቱ ከጤና ጣቢያ የራቀ ከሆነም በእናቶች ማቆያ ቤት ቀደም ብላ እንድትገባ ማድረግ የእሱ ድርሻ ነው። በአገራችን ወግ ወንድ ልጅ ወደ አራስ ቤት ብዙ አይገባም፤ ነገር ግን በሌሊት «እንሂድ» ወይም «ይንጋ» የሚለው ውሳኔ በአብዛኛው የሚጠበቀው ከእሱ ነው። ሕፃኑን ሳያይ እንዴት ይወስናል? አያቲቱንም በአክብሮት ማስረዳት የእሱ ፋንታ ነው፤ «እማዬ፣ ፀሐዩን ሲመለስ እናሞቀዋለን፤ አሁን ግን ይታይ» ቢላቸው እሳቸውም ያው የልጅ ልጃቸውን ነው የሚወዱት። እናቲቱም ብትፈራና ብታለቅስ «አመልሽ ነው» ብሎ መገሠጽ አይገባም፤ ብዙ ጊዜ ከሁሉ አስቀድማ «ልጄ እንደ ትናንቱ አይደለም» የምትለው እሷ ናት።

ልጅ በዕድሉ ያድጋል ይባላል። ዕድሉ ግን ለመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀናት በሚያዩት ሰዎች እጅ ነው ያለው። እንግዲህ ሕፃኑ ዝም ብሎ የዋለ እንደሆነ ጨዋነቱን ከማመስገን በፊት ጨርቁን ገለጥ አድርጋችሁ ውስጥ እግሩን ዳስሱት፤ ሙቀቱንና መልኩንም ተመልከቱ፤ ከዚያም ጡት አቅርቡለት። ነቅቶ አጥብቆ ከጠባ እግዚአብሔር ይመስገን፤ መልሳችሁ አስተኙት። ካልነቃ፣ ወይም ነቅቶ ካልጠባ፣ ወይም ገላው ከቀዘቀዘ ወይም ከጋለ፣ ወይም በደቂቃ ከ60 ጊዜ በላይ ከተነፈሰ፣ ወይም ከተንዘፈዘፈ፣ ወይም መዳፉ ቢጫ ከሆነ፣ በደረታችሁ አቅፋችሁ ተነሡ። እስኪነጋ አትጠብቁ።